ከቃል በፊት የቆመች ነጥብ

አርብ ከምሳ በኋላ፣ አራሚዋን ከጠረጴዛዋ የሚያነሣው ደብዳቤ እንድታርመው እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ መጣ።

ማንም ተንኮል አስቦ አልነበረም። በዚያ ማተሚያ ቤት ከሠርግ ጥሪ እስከ ወፍራም መዝገበ ቃላት፣ ፊደል ያረፈበት ወረቀት ሁሉ በእሷ ዓይን ሳያልፍ ከበር አይወጣም። ተላላኪዋም እንደ ልማዷ ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር አምጥታ ከክምሩ ላይ ጣል አድርጋው ሄደች። ደብዳቤው፣ አራሚዋ የእጅ አንጓዋን ስለሚያማት በኮምፒውተር መሥራት አትችልም፣ ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ወደ መስኮት ተዛውራለች ይላል። መስኮት የሚባለው ከመግቢያው በር አጠገብ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት። ደንበኛው በመስታወቷ ቀዳዳ አንገቱን አስግጎ «የእኔ አልደረሰም?» ይላል፣ ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ «ነገ ይምጡ» ይላል። እዚያ የሚነበብ ነገር ቢኖር የደረሰኝ ቁጥር ብቻ ነው።

አራሚዋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስታነብ የኖረች ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ባለቀይዋ» የሚሏት ቀይ እስክሪብቶዋ ከእጇ ስለማይለይ ነው። ገበያ ስትሄድ እንኳ ማስታወቂያ ላይ የተሳሳተ ፊደል ካየች ባለሱቁን ሳታስጠራ አታልፍም። እንዲህ ያለችን ሰው መስኮት ውስጥ ማስቀመጥ ዓሣን ከውኃ አውጥቶ ወንበር እንደ መስጠት ነው።

ቢሆንም ሥራ ሥራ ነውና ደብዳቤውን አረመችው። ሰባት ስሕተት አገኘች። ሦስቱ የቆዩ ወዳጆቿ ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁ «ሥራ» የሚለውን ቃል አንድ ቀን እንኳ በንጉሡ ሠ ጽፎት አያውቅም፣ ሁልጊዜ በእሳቱ ሰ ነው። እሷ በቀይ ትቀይረዋለች፣ እሱ በሚቀጥለው ደብዳቤ እንደነበረ ይመልሰዋል። የቢሮው በር ላይ የተለጠፈው ታፔላ ራሱ «ስራ አስኪያጅ» ይላል። ሌላ ቦታ ተሠርቶ ስለመጣ አምልጧታል፣ በዚያ ባለፈች ቁጥር ፊቷን አዙራ ነው የምታልፈው።

ሰባቱንም አርማ ስትጨርስ፣ «መሥራት አትችልም» ከሚለው ትይዩ ኅዳጉ ላይ «እርግጥ ነው?» ብላ ጻፈች። ቀልዷን አልነበረም። የቤቱ ደንብ፣ ያውም ሥራ አስኪያጁ ራሱ ያወጣው ደንብ፣ አራሚ ጥያቄ ያነሣችበት ወረቀት ጸሐፊው በገዛ እጁ መልስ እስኪጽፍበት ድረስ ማኅተም አያርፍበትም ይላል።

ብዙም ሳይቆይ ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ይዞ ከተፍ አለ። ደብዳቤው ወደ እሷ መሄዱን ያወቀው ገና አሁን ነው፣ ላብ ላብ ብሎታል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወር ሙሉ አንጓዋን ጨምቃ ስታቃስት አይቶ፣ የሚያሳርፋት መስሎት ነው።

«ምኑን ነው የጠየቅሽው?» አላት፣ ዓይን ዓይኗን ማየት እየፈራ።

«የተጻፈው እውነት መሆኑን እጠራጠራለሁ። ላጣራው፣ እስከ ሰኞ ይታገሡኝ።»

ራሱን አከከ። ሰኞ ጠዋት እጇን ሳታሽ ሃያ ገጽ አርማ ካሳየችው ነገሩን እንደገና እንደሚያየው፣ ካልሆነ ግን «እርግጥ ነው» ብሎ ጽፎ ማኅተሙን እንደሚያሳርፍበት ነግሯት ሄደ።

ቀደም ብሎ ያያት ሐኪም ጣቶቿ ምንም እንዳልሆኑ፣ አንጓዋን የጎዳው ማውስ መሆኑን ነግሯታል። የደራሲው ጽሑፍ በአንድ ወገን፣ የተተየበው ቅጂ በሌላ ወገን ካልተቀመጠ ማመሳከር አይቻልም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አንዱን ስትጎትት፣ ሌላውን ስትገፋ ትውላለች። በግራ እጇም ሞክራዋለች፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው የማውሱ ቀስት እዚህም እዚያም እየበረረች አላስይዝ አለቻት።

ማታ ከራት በፊት ለታናሽ ወንድሟ ደወለች። ማሙሽ ይባላል፣ አርባ ሊሞላው ቢልም፣ ራሰ በራ ቢሆንም ማሙሽ ነው። ሩቅ ከተማ የትልቅ ድርጅት ኮምፒውተሮችን ይጠብቃል። ችግሯን ሰምቶ ሲጨርስ፣ «የመስኮት አስተዳዳሪ ትጭኛለሽ» አላት።

«እኔ ከመስኮት አድነኝ ብዬ ብደውልልህ አንተ አስተዳዳሪዋ ልታደርገኝ ነው?»

ሳቀና አስረዳት። ኮምፒውተር ላይ የሚከፈት ነገር ሁሉ መስኮት ይባላል፤ የትኛው የት እንደሚቆም የሚወስነው ፕሮግራም ደግሞ የመስኮት አስተዳዳሪ ነው። የቢሮዋ ኮምፒውተር የሚሠራው ዩኒክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ቤተሰብ ስለሆነ፣ ሌላው ሳይነካ ይህ አስተዳዳሪ ብቻ እንደ መጋረጃ ሊቀየር ይችላል። እሱ ያሰበላት ማውስ አይፈልግም፤ መስኮቶቹን ጎን ለጎን ይደረድራል፣ ሁሉም ነገር በቁልፎች ይታዘዛል። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ ስሕተት ያገኘ አርሞ ለሠሪዎቹ ይልካል፣ እነሱም አመስግነው ይቀበላሉ።

ከዚህ ሁሉ ልቧ የገባው የመጨረሻው ነው። እርማት ተቀብሎ የሚያመሰግን ሰው በዓለም ላይ መኖሩን እስከዚያች ሰዓት አታውቅም ነበር።

ወንድሟ አሠራሩን በአንድ ገጽ ጽፎ ላከላት። ቅዳሜ ጠዋት ባዶው ቢሮ ውስጥ ገጹን አትማ ተቀመጠች። የቁልፍ ሰሌዳውን ከመንካቷ በፊት ግን ቀይ እስክሪብቶዋን አነሣች፤ ያለ እሱ ማንበብ አትችልም። ፊደል የጎደላቸው የሚመስሉትን ትእዛዞች፣ ቋንቋው የእሷ አይደለምና ማረች። አንድ ቦታ ላይ ግን የአንድ ፋይል ስም ከፊቱ ነጥብ ተደርጎበታል። ነጥብ በየትኛውም ቋንቋ ነጥብ ነው፤ ነገር ሲያልቅ ይመጣል እንጂ ነገር ሳይጀመር በር ላይ አይቆምም። ሰረዘችው።

ከዚያ መጫኑን ጀመረች። የመጀመሪያውን ትእዛዝ ስትጽፍ ኮምፒውተሩ የይለፍ ቃል ጠየቃት። ጻፈች፣ ምንም አይታይም። እንደገና ጻፈች፣ አሁንም ባዶ ነው። ቁልፎቹ ተበላሹ ብላ ልትነሣ ስትል ገጹን አየችው፤ «ስትጽፊ አይታይም፣ አትደንግጪ» ይላል። ዓረፍተ ነገሩን ቅድም አንብባው ነበር፤ ነጠላ ሰረዙን ስታስተካክል ትርጉሙ አምልጧት ነው። የይለፍ ቃሉን በእምነት ጽፋ አስገባች። መስመር በመስመር ላይ እየወረደ ስክሪኑን ሞላው፣ ሲያበቃም መጫኑን ነገራት። ቀጥላ፣ የትኛው አስተዳዳሪ እንደሚነሣ የሚናገረውን አንድ መስመር ፋይሉ ውስጥ ጽፋ አስቀመጠች። የማስነሻውን ትእዛዝ ሰጠች።

የመጣው ያው የድሮው ስክሪን ነው፣ ትንንሽ ሥዕሎቹን እንደደረደረ። ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜ፤ ያው ነው። ስድስት ሰዓት ሆነ። በመስታወት ቀዳዳ «ነገ ይምጡ» ስትል ራሷን አየችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ስልኳን አነሣች።

«የፋይሉን ስም በፊደል በፊደል አንብቢልኝ» አላት ማሙሽ።

«ኤክስ፣ አይ፣ ኤን፣ አይ፣ ቲ፣ አር፣ ሲ።»

«ከፊቱስ?»

«ከፊቱ ምን አለ?»

«ነጥብ።»

«እሷንማ አረምኳት» አለች፣ በኩራት።

ወንድሟ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፋይል ሆን ተብሎ ከዓይን የተሰወረ መሆኑን፣ ሥርዓቱም የሚፈልገው ከነነጥቡ መሆኑን፣ ያለ ነጥቡ ግን መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ወረቀት ማለት እንደሆነ ነገራት። ባለቀይዋ ፊቷ እንደ እስክሪብቶዋ ቀላ። እንግዳ ነገር ስታዩ ከመሰረዛችሁ በፊት ጸሐፊውን ጠይቁ እያለች ስንቱን ጀማሪ አራሚ አስለቅሳለች። እሷ ግን የገዛ ወንድሟን አልጠየቀችም። ገጹ ላይ በቀይ «ይመለስ» ብላ ጻፈች፣ ነጥቧንም በገጹም በፋይሉም ስም ላይ ቦታዋ መለሰቻት።

ማስነሻውን ስትጫን ሥዕሎቹ ሁሉ ድራሻቸው ጠፋ። ስክሪኑ ግራጫ ሆኖ ቀረ።

«ምን ይታይሻል?»

«ምንም። ገደልኩት መሰለኝ።»

«ከላይ ቁጥሮች አሉ?»

«ከአንድ እስከ ዘጠኝ።»

«እንኳን ደስ አለሽ እቴ፣ ተነሥቷል። ገና ምንም ስላልከፈትሽ ነው ባዶ የሆነው።»

የነገራትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነች። የደራሲው ጽሑፍ ስክሪኑን ሞልቶ ተከፈተ። ሁለተኛውን ስትከፍት፣ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው ለመጪው ጠጋ እንደሚል፣ የመጀመሪያው ወደ ግራ ጠጋ አለና የተተየበው ቅጂ በቀኝ ተቀመጠ። ጎን ለጎን፣ መስመር ለመስመር። ማንም አልጎተተ፣ ማንም አልገፋ። አንጓዋ ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብሎ እንዳረፈ ነው። ልቧ ቅቤ ጠጣ፤ ብቻዋን በባዶ ቢሮ ድምፅ አውጥታ ሳቀች። እስከ አሥር ሰዓት ስትለማመድ ቆየችና ማውሱን ነቅላ፣ ገመዱን ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ይዞ ከኋላዋ ቆመ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ወንበር ሳበ። ሰባተኛው ላይ ማውሱ የት እንደሄደ ጠየቃት፣ እሷም ዓይኗን ሳትነቅል በአገጯ መሳቢያውን አሳየችው። ጣቶቿ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ፤ መስኮቶቹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፣ ቦታ ይለዋወጣሉ። አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ደራሲ ከቃል በፊት ያስቀመጣትን ነጥብ አገኘች። ልትሰርዛት ቁልፉን ከነካች በኋላ ቆም አለች፤ አልሰረዘችም፣ «ጸሐፊው ይጠየቅ» ብላ አለፈች። ሃያው ገጽ ሲያልቅ እጇን አንድ ጊዜ እንኳ አላሸችም።

ሥራ አስኪያጁ ቀይ እስክሪብቶዋን ከጠረጴዛው አነሣ፣ ደብዳቤውን ዘረጋ፣ «እርግጥ ነው?» ከሚለው ሥር መልሱን ጻፈና ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አድርጎ ወጣ። «አይደለም። በስራዋ ትቀጥል» ይላል።

ደግማ ደጋግማ አነበበችው። ጉንጯ ላይ የወረደውን እንባ በመዳፏ ጠረገች። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶዋን አንሥታ እሳቱን ሰ ሰረዘችና ከላዩ ንጉሡን ሠ ጻፈችበት፤ ሥራዋ ነዋ።