ከበረንዳው ፊት ያለው ኩሬ

ስልኳ ሲጮህ የፓምፕ ሠራተኛዋ ገመዱን ከጉድጓዱ እየሳበች ነበር። በየማለዳው ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበትን ገመድ ወደ ታች ትለቅና እስከ የት እንደረጠበ አይታ የውሃውን ልክ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ትጽፋለች። የቱሪስት ካምፑ ውስጥ ሁሉም «ኢንጂነር» ይሏታል፤ ትምህርቷ ግን ከአሥረኛ ክፍል አላለፈም። ስሙ የወጣላት በቀልድ ነበር፤ ውሎ አድሮ ቀልዱ ተረሳና ስሙ ብቻውን ቀረ።

የደወሉት የካምፑ ዋና ወጥ ቤት፣ እሷ «እትዬ» የምትላቸው ሴት ነበሩ።

«እትዬ፣ ምነው ዛሬ ዘገዩ? እንግዶቹ እኮ ቁርስ…»

«ቀስ ብለሽ አውሪ ልጄ» አሉ፣ ከትንፋሽ በማይበልጥ ድምፅ። «ከድንጋይ ክምሩ ኋላ ተወሽቀናል፤ እኔና አጣቢዋ። ከበውናል።»

«ማን ነው የከበባችሁ?»

«ማን ይሆናል? ዝሆኖቹ ናቸዋ! አንዷ ግልገሏን ይዛ መንገዱ ላይ ተገትራለች። እጄን ብዘረጋ ጅራቷን እይዘዋለሁ።»

ኢንጂነር የድንጋይ ክምሩን ታውቀዋለች፤ ኩሬው ሲቆፈር የወጣ ድንጋይ ነው። ኩሬውንም ታውቀዋለች። ከሦስት ዓመት በፊት የካምፑ ባለቤት፣ ታላቅ ወንድሟ፣ እንግዶች መኪና ሳይሳፈሩ በረንዳ ላይ ሻይ እየጠጡ ዝሆን እንዲያዩ ብሎ ያስቆፈረው ነው። ቧንቧውን በገዛ እጇ የዘረጋችው እሷ ናት። ከዚያ በፊት እንስሳቱ የሚጠጡት በስተሰሜን፣ ሰው ከማይደርስበት ሜዳ ላይ ካለ የሲሚንቶ ገንዳ ነበር። ኩሬው ከመጣ ወዲህ ገንዳው ተዘጋ፤ ዝሆኖቹ ቀን በቀን በረንዳው ፊት መዋል ጀመሩ፤ በዙሪያው የነበሩት ዛፎች ተልጠው አጥንት ብቻ ሆኑ፤ መንጋው የሚመላለሰውም ሠራተኞች ከመንደር በእግር የሚመጡበትን መንገድ አቋርጦ ሆነ።

እትዬ ሁለት ጊዜ ነግረዋት ነበር። «ወንድምሽን አንድ ነገር በይው፤ አንድ ቀን ጉድ ይፈላል» ብለው። ሁለቴም «እነግረዋለሁ» አለች። የነገረችው ግን አንዴ ብቻ ነው፤ ያውም መኪና ሊሳፈር ሲጣደፍ። «እናያለን» አላት። በልጅነቷ እናትም አባትም ሆኖ ያሳደጋት እሱ ስለሆነ አፍ አፉን ማለት አይሆንላትም። «እናያለን» ሲላት እፎይ ነበር ያለችው።

«እትዬ፣ ስልኩን አይዝጉት። አይንቀሳቀሱ። መጣሁ» አለችና፣ መስመሩን ሳትዘጋ ስልኩን ደረት ኪሷ ውስጥ ከትታ በኩሽናው ጓሮ ሮጠች።

በረንዳው ላይ አሥራ አንድ እንግዶች ቁርሳቸውን ትተው ቆመዋል። ከፊታቸው ሰባት ዝሆኖች ንጹሕ ውሃ የሚፈስበትን የቧንቧ አፍ ለመያዝ ይገፋፋሉ። ካሜራ ይንጣጣል፤ አንዱ እንግዳ ወንበር ላይ ወጥቷል። ከሁሉም ፊት የቆመችው የአስጎብኚ ድርጅት ወኪል ናት፤ የሚቀጥለው ዓመት እንግዶቿን የት የት እንደምትልክ ልትመርጥ ነው የመጣችው። የኢንጂነር ወንድም አጠገቧ ቆሞ ፊቱ እንደ በዓል ቀን በርቷል።

ኢንጂነር እጅጌውን ይዛ ወደ ዕቃ ቤቱ በር ሳበችው።

«ጋሼ፣ የኩሬውን ውሃ ልዘጋው ነው። የድሮውን ገንዳ እከፍታለሁ።»

«አብደሻል? አሁን? ሴትየዋ እዚህ ቆማ እያየች?»

«እትዬና አጣቢዋ ከድንጋይ ክምሩ ኋላ ናቸው።»

መጀመሪያ አልገባውም። ከአንገቱ ላይ አቅርቦ ማሳያ መነጽሩን አንስቶ ከዝሆኖቹ ጀርባ ወዳለው ክምር አነጣጠረ። ቢጫ ሻሽ አየ።

«ዘበኛው ወደ ሰማይ ይተኩስ» አለ።

«ተኩስ ሲሰሙ በየት በኩል የሚሮጡ ይመስልሃል? በዚህ በረንዳው አለ፤ በዚያ አጥሩ። የቀራቸው የእግር መንገዱ ብቻ ነው። እነ እትዬን ረግጠዋቸው ነው የሚያልፉት።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

ይህን ጥያቄ ከወንድሟ አፍ ሰምታ አታውቅም ነበር።

«እንግዶቹን ወደ ውስጥ አስገባ። ድምፅ አይሰማ፣ ፍላሽ አይብረቅ፣ ወንበር አይጎተት። ነፋሱ ከገንዳው በኩል ነው የሚመጣው። ውሃው ከፈሰሰ ይሸታቸዋል።»

«ካልፈሰሰስ?»

ትልቁን መፍቻ ከዕቃ ቤቱ ነጥቃ ወጣች።

የቫልቮቹ ሳጥን ከፓምፕ ቤቱ ጀርባ፣ መሬት ውስጥ ነው። ከዝሆኖቹ የሚለየው አንድ ግድግዳና ሰማንያ እርምጃ ሜዳ ብቻ። በሆዷ ተኝታ ክዳኑን አነሳችና የኩሬውን ቫልቭ ዘጋች፤ እሱ በየቀኑ የሚነካ ስለሆነ እንደ ቅቤ ዞረ። የገንዳው ግን ሦስት ዓመት ሙሉ እጅ አልነካውም። ዝገቱ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል። መፍቻውን አስገብታ ተንጠለጠለችበት፤ ንቅንቅ አላለም። ደገመች፤ መፍቻው ሾልኮ የእጇን ቆዳ ላጠው። ከኪሷ የእትዬ ትንፋሽ ይሰማታል፤ አጭር፣ የተቆራረጠ። ከትንፋሹ ኋላ ደግሞ ከባድ ነገር ሲረማመድ ጠጠር ይንኮሻኮሻል።

«ልጄ» አለ ስልኩ፤ «ግልገሉ እኛ ጋ እየመጣ ነው።»

እግሯን ከሳጥኑ ጠርዝ ጋር አስደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ያላትን ሁሉ ጣለችበት። ብረቱ ቀጭን ጩኸት አሰምቶ ሩብ ዙር ሄደ። ከዚያ ግማሽ። ከዚያ ለቀቀ።

ውሃ ግን አልተሰማትም። ቧንቧው ውስጥ አየር ብቻ አፏጨ። የሆነ ቦታ ተሰብሮ ይሆን? የዛፍ ሥር ገብቶበት ይሆን? ጆሮዋን ቧንቧው ላይ ለጥፋ ጠበቀች። ላቡ ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ አልጠረገችውም። አየሩ ሦስት ጊዜ አስነጠሰና ብረቱ ከጉንጯ በታች ቀዘቀዘ። ውሃው አለፈ።

ያኔ ከኪሷ ድንጋይ ሲንከባለል ሰማች። ከዚያ አንድ የታፈነ «እ» የሚል ድምፅ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ኢንጂነር ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳችና በጥጉ በኩል አጮልቃ አየች። መሪዋ አሮጊት ዝሆን ኩንቢዋን ደረቁ የቧንቧ አፍ ላይ አድርጋ ቆማለች። አሸተተች። በእግሯ ጭቃውን መታች። ደግማ አሸተተች። በረንዳው ላይ ሰው የለም፤ መስኮቱ ውስጥ ግን ወንድሟ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ይታያል። ደቂቃው ዓመት ሆነ። አሮጊቷ ኩንቢዋን ቀስ ብላ ወደ ሰሜን አነሳች፤ እዚያው አየር ላይ አቆየችው። ከዚያ ዞረች። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ስድስት ሆነው ተከተሏት። የግልገሉ እናት ግን ጆሮዋን ዘርግታ ወደ ድንጋይ ክምሩ አንድ እርምጃ ገባች። ሌላ እርምጃ ጨመረች። የኢንጂነር እግር ሳታዘው ወደፊት ሊሄድ ሲል ግልገሉ ከክምሩ ኋላ ብቅ አለ፤ የእናቱን ሆድ በግንባሩ ገፍቶ መንጋው ወደሄደበት ሮጠ። እናትየው ቆማ አየችው፤ ክምሩን አየችው። ከዚያ ሄደች።

አቧራው ከዛፎቹ ኋላ እስኪጠፋ ጠብቃ ሮጠች። አጣቢዋ ፊቷን በጉልበቷ መሃል ቀብራ ትንቀጠቀጣለች። እትዬ ጀርባቸውን ለድንጋይ ሰጥተው ተቀምጠዋል፤ ቀኝ እጃቸው ጭልፋ የሚያክል ድንጋይ ወርዶበት አንጓው ላይ ተጣምሟል። ስልኩ አጠገባቸው ተሰባብሯል። ግልገሉ ወደ እነሱ ሲጠጋ የገፋው ድንጋይ ነበር። «እ» ብቻ ነው ያሉት።

«ጫማዬን አሸተተኝኮ» አሉ። «ጫማዬን አሸትቶኝ ሄደ።» ከዚያ ነው ያለቀሱት።

ወንድሟ ራሱ መኪና አምጥቶ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው። ከመነሳቱ በፊት ወኪሏ በረንዳው ደረጃ ላይ ያዘችው። «ዝሆኖቹ ምን ሆነው ነው የሄዱት?» አለችው። አንድ ሺህ ውሸት በእጁ ነበር፤ ሰው እንዴት እንደሚደልል ያውቅበታል። ኢንጂነር መልሱን ቆማ ጠበቀች።

«ለዓይን እንዲመቹ ብለን እኛ ነን እዚህ ያመጣናቸው» አለ። «ሠራተኞቻችንን መንገድ ላይ ሊገድሉብን ነበር። እህቴ ናት የመለሰቻቸው።»

ወኪሏ ራሷን ነቀነቀች፤ አዝናለችም። በወሩ የወጣው ዝርዝር ውስጥ ግን የእነሱ ካምፕ አልነበረም፤ በረንዳው ፊት ኩሬ ያለው ጎረቤት ካምፕ ነበረበት።

ዝርዝሩ በወጣ ማግስት ወንድሟን የደረቀውን ኩሬ እያየ ተቀምጦ አገኘችው። ፊቱ ጠቁሯል።

«ጠዋት ጠዋት ብቻ ብንከፍተውስ?» አላት። «ሠራተኞቹን በመኪና እያመጣን። ለሁለት ሳምንት እንሞክረው።»

«አልከፍተውም፣ ጋሼ።»

«ካምፑ የማን ነው?»

«ያንተ ነው። ውሃው ግን ያንተ ብቻ አይደለም፤ የመንደሩም ጉድጓድ ከዚሁ ሥር ነው የሚጠጣው፣ ሁለቱም አብረው እየወረዱ ነው። ገንዳውንም በአንድ ቀን መዝጋት አይቻልም፤ ከተዘጋ ዝሆኖቹ መንደር ገብተው የውሃ በርሜል ይገለብጣሉ። ስለዚህ ገንዳው በልክ ይሞላል፤ ኩሬው ይቀራል። መፍቻው ይኸው» አለችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «መክፈት ከፈለግህ ራስህ ክፈተው። እኔ ግን እዚህ ቆሜ አላይም።»

ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ተናግራው አታውቅም። ተነስቶ በዛፎቹ መሃል ሄደና ልጣጭ የሌለውን አንዱን ግንድ በመዳፉ ዳበሰ። ሲመለስ መፍቻውን አልነካም።

«ገንዳው ጋ መቀመጫ ቢሠራ፣ በሩቁ፣ ሽታችን እንዳይደርሳቸው ከነፋሱ በታች…» አለ።

«በአንድ ጊዜ ስድስት ሰው። ያውም አፉን የሚዘጋ።»

«አፉን የሚዘጋ እንግዳ ከየት ላመጣ ነው?» አለ፤ ግን እንቢ አላለም።

ያ ወቅት ከብዷቸው ነበር። ከድንኳኖቹ ግማሾቹ ባዶ ከረሙ፤ ሁለት ሾፌሮች ጎረቤት ካምፕ ገቡ። ሾፌር ስላጠረ ሠራተኞቹን ከመንደር የሚያመጣው ወንድሟ ራሱ ሆነ። እትዬ እጃቸው በጄሶ ተጠቅልሎ ኩሽና ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዛሉ፤ ማለዳ ማለዳ ደግሞ እሱ ሲነዳ ከመኪናው ኋላ ወንበር ሆነው የበሩን እጀታ በግራ እጃቸው ጨብጠው ጸሎት ያደርጋሉ። አንድ ቀን መኪናውን የመንገድ ጉድጓድ ውስጥ ዘው ሲያደርግባቸው፣ «የኔ ልጅ፣ ከዝሆኑስ ተርፌ ነበር» አሉት። መኪናው በሳቅ ፈነዳ፤ እሱም ከዝርዝሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብሮ ሳቀ።