ያልቆረጡ ሰንጢዎች

ዘውዱ መርሳ ከተማ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው። እጁ ከግራሶ ወጥቶ አያውቅም። የሚሰበስባቸውን ሰንጢዎች ሊያይ ሲል ግን ደጋግሞ በሳሙና ይታጠባል፤ ሙሽራ የሚጨብጥ ነው የሚመስለው! ሁሉም የጎረቤቷ ከተማ የግራና ብረት ቀጥቃጭ የጋሽ ኑርሁሴን እጅ ሥራ ናቸው። ስለታቸው የተሠራው ከተሰበረ የመኪና ባሌስትራ፣ እጀታቸው ከበሬ ቀንድ፤ ሲታጠፉ ቀጭ ይላሉ። በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስተኛቸዋል።

«ልጆችህን እንኳ እንዲህ ሸፋፍነህ አታውቅም» ትለዋለች ሚስቱ ጽጌ። መች ሰምቷት! ከዓመታት በፊት ከመካከላቸው አንዱን ወስዳ ጎመን ብትከትፍበት፣ «ይሄ ከእንግዲህ የኔ አይደለም!» ብሎ አኮረፋት። እሷም እሰየው ብላ ማጀቷ አስገባችው።

ዘንድሮ የጋሽ ኑርሁሴን ዓይን ደከመ። አንድ የመጨረሻ ሰንጢ ሠርተው መዶሻቸውን ማስቀመጣቸውን ሲሰማ፣ ዘውዱ ሥራውን ጥሎ ግራና ከተፍ አለ። ሰንጢውን አየው፤ ጥቁር ቀንድ፣ መሐሉ ላይ ነጭ መስመር። ልቡ ቀጥ አለች።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ ለኔ ይስጡኝ!»

«ወላሂ፣ ለጌጥ የሚሆን አልሠራሁም» አሉ ሽማግሌው። «የኔን ሰንጢ በሥራ ጨርሶ ላመጣልኝ ሰው ነው የምሰጠው። መቼም አንተ የስንት ዘመን ደንበኛዬ ነህ፣ አንድ ያለቀ አታጣም።»

ዘውዱን ላብ አጠመቀው። ቤት ያሉት ሁሉ እንደተወለዱ ናቸው። ያለቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ማጀት ነው ያለው።

«ጽግዬ...» አላት እቤት ሲደርስ።

«ምን ፈልገህ ነው ዛሬ ጽግዬ የሆንኩት?»

ጉዳዩን ነገራት። ሳቋ እጎረቤት ድረስ ተሰማ። «የኔ አይደለም ብለህ አልነበር?»

«በንዴት ነው እኮ!»

«እሺ፣ ግን አብሬህ እሄዳለሁ። ሰንጢዬን ላንተ አምኜ አልሰጥም።»

በማግስቱ ጋሽ ኑርሁሴን ያለቀውን ሰንጢ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ስለቱ በመሳል ብዛት ቀጥኗል፤ ቀንዱም በመዳፍ ተልጓል። እንባቸው ቅርር አለ።

«አልሀምዱሊላህ! እኔ ስሠራ እንዲህ እንዲሆንልኝ ብዬ ነበር። ማን ነው የጨረሰው?»

ዘውዱ አፉን ከፈተ። «እኔ» የምትለዋ ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ጽጌን አያት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች፤ አላጋለጠችውም፣ አልረዳችውም። አይ ዘውዱ! ምን ያድርግ?

«እሷ ናት» አለ፣ ድምፁ ሰልሎ።

«እንግዲያማ የሷ ነው።» አዲሱን ሰንጢ ጽጌ መዳፍ ላይ አኖሩላት። «አደራሽን ልጄ፣ ይሄንንም ጨርሺው።»

ወደ መርሳ ሲመለሱ ጽጌ ሚኒባሱ ውስጥ ከዘንቢሏ አንድ የበሰለ ማንጎ አወጣች።

«ተይ፣ ጽጌ! በማርያም!»

ሰንጢው ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ዘውዱ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው የማንጎው ጭማቂ በነጩ መስመር ላይ ይንቆረቆራል፣ የሱም እጅ ላይ አንድ ቁራሽ ተቀምጦለታል።

«ብላ እንጂ! ደግሞ ሰንጢዬን እንዲህ አፍጥጠህ አትይብኝ።»

እየተነጫነጨ በላ። ከዚያ ባዶ እጁን ለሌላ ቁራሽ መልሶ ዘረጋላት።