ከሰርቨሩ ሥር የቀረ ፋይል

በካርታ ሥራ ቢሮው አምስት ክፍሎች ውስጥ አምስት ኮምፒውተሮች አሉ። ሥራቸው የሚቀመጠው ግን በአንድ ሰርቨር ላይ ነው፤ አንደኛው ክፍል የተሣለ መንገድ አምስተኛው ክፍል ወዲያው ይታያል። ይህን ሁሉ የዘረጋው ባልደረቦቹ «ጋሼ ሽቦ» የሚሉት ሰው ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በአንድ ማክሰኞ፣ ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ጥሎ ወጣ፤ ወጥቶ ቀረ። ሥራውን የያዘችው ረዳቱ የነበረችው ታናሽ እህቱ ናት። እናታቸው እርሟን አላወጣችም፤ «ልጄ ቁልፍ አልያዘም» እያለች ቀኑን ሙሉ በሩን ገርበብ አድርጋ ትውላለች።

እንግዲህ ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እህት በወንድሟ ክፍል፣ በአምስተኛው ተቀምጣ የጋራውን ፎልደር ስትቃኝ አንድ ካርታ አየች። ከተቀመጠ አራት ደቂቃው ነው። ባለቤቱ በሚለው ቦታ የወንድሟ ስም ተጽፏል። ክው አለች። ክው ያለ ሰው ደግሞ አያመዛዝንም፤ ስልኳን አንስታ ደወለች።

«እማዬ፣ ወንድሜ አለ! አሁን፣ እዚሁ ቢሮ እየሠራ ነው!»

የእናቷ እልልታ ከስልኩ አልፎ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ።

በየክፍሉ ሮጠች። አራተኛው ባዶ ነው። ሦስተኛው ውስጥ ዛሬ ሥራ የጀመረችው ካርታ ሠሪ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ይሄን ካርታ ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ምነው? ገና በመጀመሪያ ቀኔ አበላሸሁ እንዴ?»

ያበላሸችውስ እህት ነበረች። ሰርቨሩ ሰውን የሚያውቀው በቁጥር እንጂ በስም አይደለም፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚናገረው በየኮምፒውተሩ ላይ ያለው ዝርዝር ነው። እሷ ክፍት መስሏት የወንድሟን ቁጥር ለአዲሷ ሰጠች፤ የአምስተኛውን ኮምፒውተር ዝርዝር ማደስ ግን ረሳች። ያረጀው ዝርዝር የድሮውን ስም አወጣ፤ በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። እልልታው ገና ከጆሮዋ አልወጣም። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ዝርዝሩን ለማረም ተመልሳ አምስተኛውን ኮምፒውተር ከሰርቨሩ አላቀቀችው። ሲላቀቅ ፎልደሩ ባዶ መሆን ነበረበት። አንድ ፋይል ግን ተቀምጦበታል፤ ስሙ «ለእህቴ» ይላል።

ወንድሟ ነጋ ጠባ የሚጨቀጭቃት ነገር ነበር። «ሰርቨሩን ከማገናኘትሽ በፊት ፎልደሩን ከፍተሽ እዪ። ውስጡ የነበረው አይጠፋም፤ ግን ሰርቨሩ ከላዩ ይከደንበታል፣ ከዚያ ማንም አያየውም።» ከመጥፋቱ በፊት በነበረው ሰኞ ይህንኑ ሰው ፊት ጮኸባት። እሷም በንዴት፣ «ከዓይኔ ጥፋ!» አለችው። ይህን እናቷ አታውቅም። ማክሰኞ ከጠዋት ጀምሮ ኔትወርኩ ተቋርጦ ዋለ፤ ሲመለስ እህት እልህ ይዟት ፎልደሩን ሳታይ አገናኘችው።

ፋይሉ የተጻፈው በዚያ ማክሰኞ፣ ኔትወርኩ ተቋርጦ ሳለ ነው፤ ከማገናኘቷ በፊት ፎልደሩን ከፍታ ታየዋለች ብሎ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው ግን ዛሬ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ከአምስት። ስልኳን አየችው፤ ለእናቷ የደወለችው አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ነው። ከተከደነ ፎልደር ሥር ገብቶ ፋይል የሚከፍት ሰው የለም። ሰዓቱን ሦስት ጊዜ ደጋግማ አነበበችው። ከጀርባዋ የወንድሟ ጃኬት ዛሬም ወንበሩ ላይ አለ፤ ዞር ብላ ለማየት ፈራች።

ፋይሉን ከፈተችው።

«እህቴ፣ ትናንት አጥፍቻለሁ። ፊት ለፊት መናገር አቃተኝ። ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ እጠብቅሻለሁ። ከመጣሽ አብረን ቤት እንገባለን። ከቀረሽ ግን የምርሽን እንደነበር ይገባኛል፤ ከዚያ ወዲያ አታዩኝም።»

ስልኳ ጠራ። እናቷ ናት፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼዋለሁ ልጄ። የት ደረሰ? አብራችሁ ናችሁ?»

አሁንም መዋሸት ትችል ነበር።

«እማዬ፣» አለች፣ «ወንድሜን ያባረርኩት እኔ ነኝ።»

በስልኩ ውስጥ፣ በሩ ሲዘጋ ሰማች።