የኅዳር ጽዮን ገብስ

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ አፋፍ ተራ በተራ ብቅ ሲሉ ጌታነሽ ገብሷ ዳር ቆማ ነበር። ፊተኛው ወንድ ጎፈሩን ነፋስ እየበተነው፣ የደረቱ ቀይ ቆዳ ከሩቅ እየታየ፣ ማሳውን ሊጎበኝ እንደ ወጣ ባለርስት ተዝናንቶ ተቀመጠ። መንጋው ከኋላው ጎረፈ።

«እማዬ፣ በማርያም፣ ድንጋይ እንዳታነሺ» አላት ምንይሉ፣ አስጎብኚው ልጇ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ። ከበስተኋላው ሁለት ፈረንጆች ካሜራቸውን ደግነው ተንበርክከዋል። «መንገዱ ተዘግቶ ከተከፈተ ወዲህ የመጡ የመጀመሪያ እንግዶች ናቸው። ፎቶ አንስተው እስኪጠግቡ ብቻ ታገሽኝ።»

ታገሠች። ምን ታድርግ፣ የልጇን እንጀራ በገዛ እጇ ትዝጋ?

እንስሶቹ ግን ሣሩን ትተው ገብሱ ውስጥ ገቡ። ቁጭ ብለው ዛላውን በሁለት እጃቸው ይሸመጥጡት ጀመር። ፈረንጇ ሴት በደስታ አንድ ነገር አንሾካሾከች።

ሌላውን ማሳዋን ክረምት ላይ በረዶ መትቶባታል። የዓመቱ ቀለብም፣ ዘሩም ይኸው ነው። ከደረሰ ሰንብቷል፤ ደቦው ግን ለነገ ተቀጥሯል፤ ዛሬ ኅዳር ጽዮን ነዋ! በዓል የሻረ ሰው በረዶ የሚያወርደው በራሱ እህል ላይ ብቻ አይደለም፣ በአገሩ ሁሉ ላይ ነው ይባላል። ስለዚህ መንደሩ ማጭዱን ሰቅሎ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። እሷ ብቻ ለጥበቃ ቀርታለች።

በመጨረሻ አላስቻላትም። እየጮኸች፣ ድንጋይ እየወረወረች ሮጠች። ከላይ ስታባርራቸው ከታች ገቡ፤ ወደ ታች ስትል ከላይ። «ኧረ ድረስልኝ፣ አንተ ልጅ!» ምንይሉ እንግዶቹ አጠገብ እንደ ተተከለ ቀረ። ድምፅዋ ሰለለ።

ያኔ ቤት ገብታ ማጭዷን ይዛ ወጣች።

«እማዬ! በጽዮን? ሰው ምን ይላል!»

«ጭላዳው ጽዮንን አከበረልኝ?» አለችና ጎንበስ አለች።

የመጀመሪያውን ጭብጥ አጨደች። ፈራች፤ የእውነት ፈራች። ቀና ብላ ሰማዩን ማየት እንኳ አልደፈረችም። ለበዓሉ የለበሰችውን ነጠላ መሬት ላይ አንጥፋ ያጨደችውን ትከምርበት ጀመር። ካሜራዎቹም ከጭላዳዎቹ ላይ ተነስተው ወደ እሷ ዞሩ።

ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲመለስ ማሳዋ ዳር ደርሶ ቀጥ አለ። የነፍስ አባቷ ቄስ አፈወርቅ መስቀላቸውን እንደ ያዙ ወደ ፊት ወጡ።

«ጌታነሽ!» አሉ። ከኋላቸው የቆሙት ጎረቤቶቿ ሁሉ ገና ያልታጨደ ገብስ አላቸው፤ እሷም ታውቃለች።

«ይፍቱኝ፣ አባ» አለች ቀና ሳትል። እንባዋ እጇ ላይ ይንጠባጠባል። ቄሱ መስቀላቸውን አላነሱላትም። ከወዲያ ጫፍ መንጋው አሁንም ይሸመጥጣል።

«ይፍቱኝ» አለች ደግማ፣ በግራ እጇ የሚቀጥለውን ጭብጥ እየያዘች።