በአርባ ቀኗ የተጠመቀች

በ1958 ዓ.ም. ወይዘሮ አቻምየለሽ ቡሬ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ቆመው የልጅ ልጃቸውን የብርሃንን መታወቂያ ሦስት ጊዜ አነበቡት። ልጅቱ ደብረ ማርቆስ ለትምህርት ልትሄድ ነው፤ ጠላፊ እንዳያያት ብለው ግን ቤት ትተዋት መጥተዋል።

«ልጄ፣ ወንድ ብለሃታል እኮ!»

ጸሐፊው የቄሱን ወረቀት አሳያቸው። «‹ብርሃን ሀይሉ፣ ክርስትና በአርባ ቀን› ይላል። ሴት በሰማንያ አይደለም እንዴ፣ እሜቴ?»

«ልትሞትብን ስትል ነው በአርባ ያስጠመቅናት!»

ሊሰርዘው ብዕሩን ሲያነሣ ልባቸው ፈራ። ወንድ ከተባለች የሴቶች ማደሪያ አይቀበላትም። ሴት ከተባለች ደግሞ በየኬላው ወረቀቷን ያየ ሁሉ ብቻዋን የምትሄድ ልጃገረድ መሆኗን ያውቃል።

«የጾታውን ቦታ ባዶ ብትተወውስ? ስሟና የአባቷ ስም አይበቃም? ሴትነቷን ለዘበኛው ሁሉ መንገር ምን ይረባል?»

«ባዶ ከሆነ ማኅተም አልመታበትም። ይወስኑ።»

ነጠላቸውን አጣፉ፤ ፈቱት፤ ደግሞ አጣፉት።

«ሴት በል እንግዲህ። ለእኔም አንድ መታወቂያ ጻፍልኝ። ማደሪያው በር ድረስ ወስጄ ካላስረከብኳት እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«እርስዎንስ መንገድ ላይ ቢጠልፉዎት?» አለ ጸሐፊው እየሳቀ።

«ይሞክሩኛ!» አሉ፤ ዓይናቸውን ግን ከብዕሩ አልነቀሉም።