የግራው ክንፍ ብርድ ልብስ

ባሌ ጋራዥ ውስጥ አውሮፕላን ይሠራል። የፋይበርግላስ ጨርቅ በሙጫ እያራሰ ይደራርባል፤ ሙጫው ደግሞ ካልሞቀው አይደርቅም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የሙጫው ትነት በእሳት ስለሚቀጣጠል ምድጃ የሚባል ነገር እንዳያስገባ ከልክዬዋለሁ። እሱም መስኮቱን ገርበብ አድርጎ፣ የእናቴን የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ለግራው ክንፍ አለበሰው።

እናቴ ወዲያው ደረሰችበት።

"እማማ፣ እስከ ነገ ጠዋት ይታገሡኝ። አሁን ከቀዘቀዘ ክንፉ አለቀለት!" አለ ባሌ።

"እኔስ? ሙጫ ስላልሆንኩ በብርድ ልድረቅ?"

እናቴ ክርክር አትወድም፤ ወንበር ስባ ክንፉ አጠገብ ተቀመጠች፣ የብርድ ልብሱን ጫፍ ገልጣ እግሮቿን ከተተችና እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት።

ጠዋት ክንፉ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። እናቴ ግራ እግሯን እንደምንም መዥርጣ አወጣች፤ የሱፍ ካልሲዋ ግን ክንፉ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

"ብፍቀው ክንፉ ይሳሳል" አለ ባሌ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። "ብተወው አውሮፕላኑ ወደ ግራ ያዘነብላል።"

እናቴ ጎንበስ አለችና ሌላኛውን ካልሲ አወለቀች።

"እንካ፣ ይሄን ቀኙ ላይ ለጥፈው።"