ዊትስከ ሸርተቴ ልትማር ነው

ዊትስከ ዕድሜዋን ሙሉ ዳገት በሌለበት በኔዘርላንዱ የፍሪስላንድ ክፍለ ሀገር ኖራ፣ በስልሳ ስምንት ዓመቷ ኦስትሪያ ተራራ ላይ የበረዶ ሸርተቴ ለመማር ቆረጠች። ባሏ በሕይወት ሳለ "ትሰበሪያለሽ" እያለ ሲከለክላት ኖሯል። እሱ ካረፈ ወዲህ ደግሞ ልጇ ዬልመር ተተካ።

"እማዬ፣ ማንንም በማታውቂበት አገር ብትወድቂስ?"

"የማውቃቸው ሰዎች መሀል ብወድቅ አጥንቴ ይተርፋል?"

ይህን ብላ እዚያው ዬልመር ፊት ስልኳን አንስታ፣ ተራራው ሥር ወዳለው የሸርተቴ ትምህርት ቤት ደወለች።

"እማማ፣ ጀማሪዎቹ በሙሉ ሕፃናት ናቸው፤ ቅር አይልዎትም?" አለቻት ስልኩን ያነሳችው ልጅ።

"እነሱን ቅር ካላላቸው እኔ ምን ገዶኝ? መዝግቢኝ።"

ስልኩን ስትዘጋ ዬልመር፣ "በቃ፣ አብሬሽ ልሂድ" አለ።

"ልትማር ከሆነ ና። ልትጠብቀኝ ከሆነ ግን ቤትህ ተቀመጥ።"

አንገቱን ደፍቶ፣ "እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ከፍታ እፈራለሁ" አላት።

ዊትስከ ጉንጩን ዳበስ አደረገችው። "እኔም እፈራለሁ፣ ልጄ። አባትህም ይፈራ ነበር። በሰው ፍርሃት ታስሬ መቀመጥ ግን ሰልችቶኛል" አለችውና የባቡር ትኬቷን ለአንድ ሰው ቆረጠች።